ሆድ ይፍጀው

ልጁን በበር ሳንቃ ላይ አስተኝተው አመጡት፤
ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር፣ ሣር ላይ ነበር ያገኙት።
ሌኬ ይባላል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
ግራ ጎኑን ስነካው «ትከሻዬን» አለ፤ ትከሻውስ ደኅና ነው።
ደም በውስጥ ሲፈስ እንዲህ ነው፤ ሕመም ደጁን ይስታል፣
በጎረቤት በር ያንኳኳል።

በማዳንግ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ወባ ባልተለየው አገር
የልጅ ጣፊያ አብጦ፣ ወርዶ ይኖራል ከእምብርት ጋር፤
ልስላሴው ፓፓያ።
ኳስ ይበቃዋል፤ ክርን ይበቃዋል፤ የታናሽ ወንድም ግፊያ።

ዶክተር ጊማ ቫጊ መጣ፤ ቢላ አልጠየቀም።
መዳፉን ሆዱ ላይ አሳረፈ፤ አልተጫነም፣ አልለቀቀም።
«ራካ፣ ሰዓትሽ ይሠራል?»
«ይሠራል።»
«በይ ቁጠሪ። ቢላው ይቆያል።»

እኔ ቆጣሪ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት፣ በሌሊት ተራ፣
በየሩብ ሰዓቱ የሰው አንጓ ይዤ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ሳበራ።
መቶ አሥራ ስምንት። መቶ ሃያ። መቶ አሥራ ስድስት።
ሆዱ ልል ነው። ሽንቱ አለ። ከንፈሩ ግን የአመድ ቅሪት።

እናቱ ማሲ፣ በሚታኘክ ቀይ ፍሬ ከንፈሯ የቀላ፣
«ሐኪም ነኝ ይላል፣» አለችኝ፣ «እጁ ላይ የለም ቢላ!
የተሰበረ ከውስጥ ካለ፣ ከፍቶ ማየት ምን ገደደው?»
ምን ልበላት? ሆድ ይፍጀው?
ይኸው ነው እኮ መድኃኒቱ፤ ሆድ የያዘውን እንዲያምቅ፣
ደሙ ረግቶ፣ በራሱ፣ ስንጥቁን እንዲያጣብቅ።

ጊማ አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ ገና ጎረምሳ ሐኪም ሳለ
ከአንዲት ልጅ ጣፊያ አወጣ፤ ስፌቱ አማረ ተባለ።
እየሳቀች ወደ ደሴቷ፣ በታንኳ ሄደች፣ በእናቷ ጭን።
በሁለተኛው ዝናብ ማታ አተኮሳት፤ ጧት ቀበሯት።
ዘበኛዋ ተወስዶባት ማን ይድረስላት፣ ማን?

ሲመሽ የሌሊት ወፎቹ ከሸውሸዌው ዛፍ ተነሡ፤
ወዲያው የጭነት መኪና ረዳት የተሸከሙ ሰዎች ደረሱ።
ካውፓ ነው። በደጋው መንገድ መኪናው ተገልብጦበት፣
ሆዱ ከበሮ፤ ግፊቱ ስድሳ፤ ዓይኑ ሌላ አገር ሄዶበት።
ለእሱ መቁጠር የለም። ጊማ በአንድ መስመር ቀደደው፤
ጉበቱ የወደቀ ሸክላ። ጨርቅ በጨርቅ ጠቀጠቀው።

ፍሪጁ ውስጥ የነበረው ደም ሁለት ከረጢት ነበር።
ሁለቱም ወደ ካውፓ ሄደ።
ማሲ በበሩ መስኮት አየች። ምንም አላለች።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሌኬ ልብ መቶ ሠላሳ አራት መታ።
ሮጥኩ። ጊማ በሌላ ሰው ደም እስከ ክርኑ፣ ቀና ሳይል፣ በቀስታ፦
«ሆዱስ?»
«ልል ነው።»
«ግፊቱስ?»
«አልወረደም።»
«እንግዲያስ ቁጠሪ።»

ተመለስኩ፤ ቆጠርኩ። ያን ያህል ረጅም ሩብ ሰዓት አላውቅም።
ቢላ የያዘ እጅ ይደክመዋል ይላሉ፤ ቢላ ያልያዘ ግን አያርፍም።
መቶ ሠላሳ ሁለት።
መቶ ሠላሳ።
የካውፓ ዘመዶች በኮሪደሩ ክንዳቸውን ገልጠው ተሰለፉ፤
ማሲም፣ ለማን እንደሚሄድ ሳትጠይቅ፣ ቆመች ከሰልፉ።
መቶ ሃያ አራት።

ጊማ የካውፓን ሆድ አልሰፋውም። በፕላስቲክ ሸፍኖ
«ነገ እንመለስበታለን» አለ።
ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ሰባት ጨርቅ፣ ውስጥ አለ።

ሊነጋጋ ሲል የሌሊት ወፎቹ ተመልሰው ተዘቀዘቁ።
ሌኬ ዓይኑን ገለጠ።
«ሆዴን...» አለ። እጄ ቀዘቀዘ።
«ሆዴን ሞረሞረኝ። ዓሣ የለም?»

ማሲ ሳቀች፤ ደጅ ወጥታ ቀዩን ተፋች አሸዋው ላይ፤
ደም መስሎኝ ልቤ ዘለለ፣ ዛሬም፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ።

አሥር ቀን ይተኛል። ለሦስት ወር ዛፍ አልወጣም ብሎ ምሏል።
አላምነውም፤ የዳቦ ፍሬው ደርሷል።
ካውፓን? እሱን አላውቅም። ነገ ሲከፈት አያለሁ።
ሰባት አስገብተናል፤
ሰባት እስኪወጣ ሰሌዳው ሥር ቆሜ እቆጥራለሁ።